የሚጮኸው ቺንጋ

«ልጅቷን እዚህ ሳሙና የበላ መኪና ላይ አላስጭናትም!» አለች አዋላጇ፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች የጤና ጣቢያው ግቢ መሃል ቆማ። «ሞቼ እገኛለሁ! ቺንጋውን ቀይረህ ካላሳየኸኝ ንቅንቅ የለም።»

ሾፌሩ የአምቡላንሱን ኮፈን ከፍቶ፣ ግማሽ አካሉን ሞተሩ ላይ ደፍቶ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ይሄ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ከድሮም ፀባዩ ነው። የዛሬው ግን እንደ ሌላው ቀን የሚያልፍ አልነበረም። አዋላጇ «ልጅቷ» ያለቻት የሱ አንድ ልጁ ናት፤ ለእሷም የእህቷ ልጅ። የመጀመሪያዋን አርግዛ፣ ጽንሱ ተገልበጥ ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ እግሩን ወደ ታች እንዳደረገ ቀረ። ሐኪሞቹም «በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው፣ ነገ ጠዋት እንጠብቅሻለን» አሏት። ሆስፒታሉ ያለው ከዳገቱ ማዶ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሊሄዱ፣ እዚያው ልታድር፣ ጠዋት ልትገባ ነው የታሰበው። ባሏም ሥራው እዚያ ስለሆነ በር ላይ ሊቀበላት ተቀጣጥረዋል። የጤና ጣቢያው ሌላኛው አምቡላንስ ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ከተኛ ሰንብቷል፤ የቀረው ይሄ አሮጌ ብቻ ነው።

ታዲያ ይሄ አሮጌ ትናንት ዳገቱን ሲወጣ ምን አደረገ? ጮኸ። ቀጥሎ ባትሪ እየተሞላ አይደለም የሚለው ቀይ መብራት በራ፣ የሙቀቱ ቀስት ወደ ላይ ተሰቀለ። ሾፌሩ ወርዶ ሳሙናውን ቀባ፤ ጩኸቱ ጸጥ አለ። መብራቱ ግን ጠፋ በራ፣ ጠፋ በራ እያለ ነው እንደምንም ወደ ግቢ የተመለሰው።

የሳሙናውን ነገር ለማያውቅ ሰው፦ ሞተር ሲዞር ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፖምፕ አብሮ የሚያዞርበት ጥቁር የጎማ ቀበቶ አለው፤ ቺንጋ ይባላል። ቺንጋ ሲላላ ወይም ሲያረጅ በሚዞርበት ክብ ብረት፣ በፑሊው ላይ ይንሸራተትና ይጮኻል፤ እንዴት ያለ ጩኸት! ጥርስ ያፋጫል። ያኔ ደረቅ የልብስ ሳሙና ጠርዙን ቢያስነኩት ዝም ይላል። ዝም አለ ማለት ዳነ ማለት ነው እንዴ? የበሽተኛን አፍ አፍኖ ተሻለው እንደማለት ነው እንጂ! ይሄን ደግሞ ሾፌሩ አሳምሮ ያውቃል፤ ወጣትነቱን ጋራዥ ውስጥ የጨረሰ ሰው ነው። እያወቀም ከመቀመጫው ሥር ሳሙና ጠፍቶ አያውቅም። የጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ በሌለበት «ጋሽ ሳሙና» ይለዋል። አዋላጇ ግን በሌለበት ማለት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ፊት ለፊቱ ነው የምትለው።

ለምን እንደሚቀባ ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሚስቱ የሞተችው በልብ ሕመም ነው። ያን ዕለት በዚሁ አምቡላንስ፣ በዚሁ ዳገት፣ እሱ መሪ ጨብጦ፣ አዋላጇ ከኋላ የእህቷን እጅ ይዛ እየበረሩ ነበር። ቺንጋው ከዳገቱ ግርጌ እስከ አናቱ ጮኸ። በሽተኛዋ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ይሄ ጩኸት ምንድነው? እባክህ ዝም አሰኘው» አለችው። እንዴት ይቁም? ቆሞ ቺንጋ ሲያይ ብታመልጠውስ? ነዳጁን እንደረገጠ ሄደ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተሩን ሲያጠፋ ጩኸቱም ቆመ፣ እሷም አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ያን ድምፅ መስማት አይችልም። ገና ሲጀምር እጁ ሳያዘው ወደ ሳሙናው ይሮጣል። ዝም አሰኘው አለችው፤ ይኸው ዝም ሲያሰኝ ይኖራል።

«ሰማኸኝ ወይስ ልድገመው?» አለች አዋላጇ።

«ሰማሁሽ! ማን አልቀይርም አለሽ? ይኸው አዲሶቹን አምጥቼ የለም ወይ!» በክርኑ ከጎኑ ያለውን ካርቶን ጠቆማት። ሁለት አዳዲስ ቺንጋዎች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ለዲናሞውና ለውሃ ፖምፑ፣ አንዱ ለመሪው ፖምፕ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ሞተሩ ይቀዝቅዝ እንጂ! ቺንጋ ገዝቼ አሁን መግባቴ ነው፤ እጄን ልጠበስልሽ?»

«እንግዲያው እስኪቀዘቅዝ ሳሙናውን ወዲህ በል።»

«የምን ሳሙና?»

«ጋሼ! እኔን ነው?»

ከመቀመጫው ሥር ጎትቶ አወጣና እየተነጫነጨ ሰጣት። አንድ ጎኑ በጎማ ጠቁሮ፣ ቺንጋው ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቦይ ሠርቷል። አገላብጣ አየችውና ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ከእንግዲህ እጅ ነው የሚታጠብበት» አለች።

ሞተሩ በረደ። ሾፌሩ እጅጌውን ሰብስቦ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታ። ቀጥሎ ዲናሞውን የሚወጥረውን የብሎን ዳዶ አላላና ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ገፋው፤ ቺንጋው ሆዱን አውጥቶ ተንዘላዘለ። ፊት ያለውን የመሪውን አወጣ፣ የዲናሞውን አስከተለ። የመሪው ደህና ያረጀ ነው፤ ጀርባው መሰንጠቅ ጀምሯል፣ በቃ ዕድሜ ነው። የዲናሞውን ግን ገልብጦ ሲያየው ውስጡ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ በሳሙና ተለስኗል፣ አንደኛው ጠርዙም ክሩ እስኪታይ ተበልቷል።

«አየሽ?» አለ፣ የተናደደ መስሎ። «ዘንድሮ ቺንጋ ብሎ ነገር አለ? ዛሬ ትገጥሚዋለሽ፣ ወር ሳይሞላው ያለቅሳል። ስንቱን ቀየርኩት! ሁሉም ያው ነው። ድሮ ነበር ቺንጋ።»

አዋላጇ ቺንጋውን ከእጁ ወሰደችና በጣቶቿ መሃል እያንሸራተተች ዙሪያውን አየችው፣ የሕፃን እትብት እንደምታይ ሁሉ። «ለምንድነው በአንድ በኩል ብቻ የተበላው?»

«እህ?»

«ይሄኛው ጎኑ ጤነኛ ነው። ያኛው ነው ያለቀው። የፊተኞቹም እንዲህ ነበሩ?»

«እኔ እንጃ። ቺንጋ አውጥቼ ስጥል ጎን ለጎን አላይም።» አልዋሸም፤ አላየም። አሮጌውን አውልቆ ሲወረውር ዓይኑን አዲሱ ላይ ነው የሚያደርገው፤ ጩኸቱ እስኪጠፋ ብቻ ነው የሚቸኩለው። ሊቀበላት አልፈለገም እንጂ አባባሏ ሆዱ ውስጥ ገባ።

አዲሶቹን ገጠመ። ዲናሞውን በብረት ዘንግ ወደ ውጭ ወጥሮ ዳዶውን አጠበቀ፤ ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣቱ ሲጫነው አንድ ጣት ያህል ገባ። ልክ ነው። የባትሪውን ገመድ መልሶ ሞተሩን አስነሳ። ጸጥ! ፈገግ ብሎ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «እሺ እመቤት፣ አሁንስ?»

«ቆይ፣ መብራቱን አብራ። መሪውንም ጠምዝዝ።»

አበራ፣ ጠመዘዘ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከሞተሩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተነሳ፤ መጀመሪያ እንደ ጫጩት፣ ቀጥሎ ጎልቶ፣ ቀጥሎ ያው የሚያውቀው ጩኸት። የሾፌሩ ፊት አመድ መሰለ። እጁ ወደ መቀመጫው ሥር ገባ፤ ባዶ ነው።

«ስጪኝ» አለ።

«አልሰጥህም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ስጪኝ ብያለሁ!»

«አልሰጥህም አልኩህ! አዲስ ቺንጋ ላይ? በእናትህ፣ ይሄ ቺንጋ ገና ምን በደለህና ነው አፉን የምትይዘው?»

ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ባምፐሩ ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን በዘይት እጁ ጠረገ፣ ባሰበት። ተስፋ የቆረጠ ይመስል ነበር። ብድግ ሲል ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው የተነሳው። ቅድም ያወለቀውን አሮጌ ቺንጋ ከመሬት አነሳና የተበላውን ጎኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሳይሰብር አየው። አንድ ጎኑ ብቻ የሚበላ ቺንጋ ጥፋቱ የቺንጋው አይደለም፤ የሚሄድበት መንገድ ነው የጠመመው። ይሄን ጋራዥ ሲገባ በመጀመሪያው ሰሞን ነው የተማረው። እንዴት ያለ ዓይነ ስውርነት ነው!

«ቀጭን ክር አለሽ? የማይለጠጥ፣ ጠንካራ።»

«ቁስል የምንሰፋበት አለ።»

«አምጪው።»

እየሮጠች ሄዳ አመጣች። አንዱን ጫፍ እሷ ያዘች፣ አንዱን እሱ፤ ክሩን ወጥረው በፑሊዎቹ ፊት ላይ አሳለፉት። ከታች ዋናው ፑሊ ላይ ክሩ ልጥፍ አለ። የውሃ ፖምፑም ላይ ልጥፍ አለ። ዲናሞው ጋ ሲደርስ ግን ክሩ አልነካውም። የዲናሞው ፑሊ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ በመሃል ትንሽ ክፍተት ቀርቷል።

አዋላጇ አንገቷን አስግጋ አየች። «ምን ያህል ነው የጎደለው?»

«የአንድ ሮንዴላ ያህል» አለ ሾፌሩ፤ ብሎ ሳይጨርስ ቀጥ አለ።

ሮንዴላ እንግዲህ ከብሎን ሥር የምትገባ ክብ፣ መሃሏ ቀዳዳ ብረት ናት። የአምቡላንሱ ቁልፍ የተንጠለጠለባት ደግሞ አንዲት ወፍራም ሮንዴላ ናት። ሚስቱ ሳትታመም፣ አንድ ቀን ዲናሞውን አውርዶ አድሶ መልሶ ሲሰቅል፣ ኮፈኑን ዘግቶ እጁን ሲታጠብ፣ ሚስቱ ከመሬት ብድግ አድርጋት «ይቺስ የት ናት?» ብላ ጠየቀችው። እሱም የሥራ ድካም ላይ ነበርና «ትርፍ ናት፣ ቀለበት አድርጊያት» ብሎ ቀለደባት። እሷ ስቃ ጣቷ ላይ ሞከረቻት፣ ሰፋቻት፣ ከቁልፉ ጋር አሰረችለት። ከሞተች በኋላ ደግሞ ማን ይፈታታል? በየቀኑ በመዳፉ ሲያሻሻት ብረቷ ልትነጣ ደርሳለች።

ሾፌሩ ቁልፉን ነቅሎ አየው።  ያን ቀን ቺንጋው ዳገቱን ሙሉ የጮኸው፣ ሚስቱ ዝም አሰኘው ያለችው፣ ከቁልፉ ጋር ዓይኑ ሥር ተንጠልጥላ በነበረችው በዚህች ሮንዴላ ጉድለት ነው። እሷማ ጠይቃው ነበር እኮ! የት ናት ብላ ጠይቃው ነበር።

አፉን ከፍቶ ይሄን ለአዋላጇ ሊነግራት ሲል የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ከበሩ ጮኸች፤ «ሲስተር! ኧረ ሲስተር! ልጅቷ ውሃ ፈሰሳት!»

አዋላጇ ክሩን ለቃ በረረች። ተመልሳ ስትመጣ ያቺ አፈኛ ሴትዮ የለችም፤ ከንፈሯ ደርቋል። «ምጥ ጀምሯታል። በእግር ነው፣ እትብቱ ቀድሞ ቢወርድ ልጁ ያልቃል። አሁኑኑ መሄድ አለብን።» ከኪሷ ሳሙናውን አወጣችና ዘረጋችለት። «እንካ። ቀባውና እንሂድ።»

«አይሆንም።»

«ጋሼ፣ ስሞትልህ! ቅድም ያልኩህን እርሳው!»

«አይሆንም አልኩሽ!» ሳሙናውን ከእጇ ነጥቆ ከአጥሩ ማዶ ወረወረው። «ትናንት ከነሳሙናው መብራቱ በርቶብኛል። ዳገቱ መሃል ቢቆምብኝ ልጄን ተሸክሜ ነው የምወጣው? አንቺ ሂጂና የአንቺን ሥራ ሥሪ። አሰናድተሽ መኪናው ላይ ስታስተኛት እኔ ኮፈኑን ስዘጋ ታገኚኛለሽ። ሂጂ!»

በዕድሜዋ እንዲህ ሲቆጣት አይታ አታውቅም። ሄደች።

የዲናሞው ዋና ብሎን ለዓመታት ያልተነካ ነው፤ ዝጎ ተጣብቋል። ሾፌሩ የብሎን መፍቻውን አስገብቶ ተጫነው፤ ወይ ፍንክች። «ና እንጂ፣ ና አንተ ውሻ» አለው፣ ጥርሱን ነክሶ። መፍቻው አመለጠውና የጣቶቹ አንጓ ከብረቱ ጋር ተላተመ፤ ደሙ ወረደ። ደሙን ሱሪው ላይ ጠርጎ መልሶ ያዘ። ለሁለተኛ ጊዜ በሙሉ ሰውነቱ ተንጠለጠለበት፤ ብሎኑ ጢጥ ብሎ ተነቃነቀ። «እሰይ!» አለ ብቻውን።

ብሎኑን ስቦ ዲናሞውን አላቀቀ። የቁልፉን ማሰሪያ በጥርሱ በጥሶ ሮንዴላዋን አወጣ። አንድ አፍታ ብቻ መዳፉ ላይ ያዛት። ከዚያ ከዲናሞው ጆሮ ኋላ፣ ከመጀመሪያው መኖር ከነበረባት ቦታ፣ አስገባት፤ የልኳ ቤት ነው፣ ገባች።

ልጁ በአክስቷ ትከሻ ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ፣ እያማጠች መጣች። ኮፈኑ ጋ ስትደርስ አባቷን ደም በደም ሆኖ ስታየው ቆም አለች። «አባዬ፣ ምን ልያዝልህ?»

«ምጥሽን ያዢ!» አለ፣ ቀና ሳይል።

በምጡ መሃል ሳቀች። አዋላጇም ሳታስበው አብራ ሳቀች፤ እየሳቁ ከኋላ ገቡ።

ክሩን የሚይዝለት ሰው የለም። አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነከሰ፣ አንዱን በእጁ ወጠረ። ዋናው ፑሊ፣ ልጥፍ። የውሃ ፖምፑ፣ ልጥፍ። ዲናሞው፣ ልጥፍ! ዳዶዎቹን አጠበቀ፣ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ አንድ ጣት ገባ። ኮፈኑን ዘጋ። ማንጠልጠያ የሌለውን ቁልፍ እንዳይጠፋበት በዚያው የቁስል ክር አሰረና ሞተሩን አስነሳ። መብራት አበራ፣ መሪ ጠመዘዘ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። ምንም የለም።

«እንሂድ?» አለች አዋላጇ ከኋላ።

«ያዙ።»

ዳገቱ ሲጀምር የሾፌሩ ጆሮ ብቻውን ነበር የሚነዳው። መጀመሪያው ጠመዝማዛ፣ ምንም። ድልድዩ፣ ምንም። መኪናው ትናንት ያለቀሰበት ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ሲደርሱ ማርሹን ቀንሶ ረገጠው፤ ሞተሩ ጎርነን ብሎ ገፋ። ቀይ መብራቱ እንደጠፋ ነው። የሙቀቱ ቀስት መሃል ላይ ተኝቷል። ከኋላ የልጁ ማማጥ ይሰማል፣ አዋላጇም «አትግፊ፣ የኔ ቆንጆ፣ ገና ነው፣ ተንፍሺ ብቻ» ትላለች።

«ያን ቀን የጮኸው...» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያያት። «የጎደለችው ሮንዴላ እኮ ከቁልፌ ጋር ነበረች።»

አዋላጇ ነገሩ ገባት። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እንባውን ግን አልለቀቀችውም። «እህቴን የገደላት ልቧ ነው፣ ሮንዴላ አይደለም። አድርሰሃታል እኮ፤ መኪናው አልቆመብህም። አሁን መንገድህን እይ።»

መንገዱን አየ።

አናቱ ጋ ሲቃረቡ ልጁ ከምጡ ትንሽ ፋታ አገኘችና አንገቷን ቀና አደረገች። «አባዬ... ሞተሩ ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም ልጄ» አለ። «እየሠራ ነው።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ባሏ እየተንቆራጠጠ ጠበቃቸው፤ አልጋው ወጣ፣ ተረከቧት፣ አዋላጇ ከጎኗ ሳትለይ አብራ ገባች። ባልየው ወረቀት ሊያስፈርሙት ጠሩት። ሾፌሩ ኮሪደሩ ላይ፣ ከተዘጋው በር ፊት፣ የቆሰለ እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ ብቻውን ቆመ። የዚህን ኮሪደር ግድግዳ ያውቀዋል። ያን ጊዜም እዚሁ ነው የቆመው። ቁጭ በል ቢሉት እምቢ አለ፤ ቆሞ ነው የሚሰማው የመጣውን።

ከበሩ ኋላ ድምፅ ተነሳ። ቀጭን፣ ስል፣ ጥርስ የሚያፋጭ። የሾፌሩ እጅ ሳያዘው ወደ ታች፣ ወደ ሌለው መቀመጫ ሥር ሄደ። ሳሙና የለም። እጁ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቆየ፤ ቀስ ብሎ ነው ምን እየሰማ እንደሆነ የገባው።

በሩ ተከፈተ። አዋላጇ ፊቷ በላብና በእንባ ርሶ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ነገር ታቅፋ ወጣች። «ሁለቱም ደህና ናቸው። ሴት ናት» አለች። ሕፃኗ ፊቷን አጨማዳ፣ አፏን እስከ ጥግ ከፍታ፣ ኮሪደሩን በጩኸት ታናውጠዋለች። «ኧረ ምን ያለ ጉሮሮ ነው! እሽሽ፣ እሽሽ... ቆይ ዝም ላሰኛት።»

«ተዪያት» አለ ሾፌሩ። ሁለቱንም እጆቹን ዘርግቶ ተቀበላት፣ ጆሮውንም ወደ አፏ አስጠጋ። «ትጩህ።»